የክብር እንግዳው ወገብ

ለ«ደማቅ ቀን» ዝግጅት አቅራቢ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ
ለተከበሩ አቶ ውብአየሁ
እንጅባራ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እላለሁ። በተለይ ወገብዎ እንዴት ነው? ይህን የምጠይቀው ለወጉ ያህል አይደለም፤ ባለቤቴ ፈረሰኛው አወቀ በእንጅባራው አዲስ ሆቴል ምረቃ ላይ በእርስዎ ትእዛዝ ሲጋልብ ወድቆ ወገቡ ከተሰበረ ወዲህ፣ እኛ ቤት ሰላምታ የሚጀመረው ከወገብ ነው። የእርስዎ ደኅና ከሆነ እግዚአብሔር ይመስገን።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የጻፍሁት፣ ቢሮዎ በመጣሁ ቁጥር ጥበቃው ስብሰባ ላይ ናቸው እያለ ስለመለሰኝ ነው። ስብሰባ የሚወዱ ሰው ስለሆኑ፣ ብዙ ሰው ባለበት ባነጋግርዎ ደስ እንደሚልዎ ገመትሁ።

አንደኛ፣ ስለ ክብሩ አመሰግናለሁ። በውሉ ላይ ባለቤቴን «የክብር እንግዳ» ብለው ጽፈውታል። እርሱ ምስኪን፣ ይህችን ቃል ሲያይ የቀረውን ሳያነብ ፈረመ። በከተማችን በግምጃ ቤት ገበያ ላይ ላገኘው ሁሉ አሳየ፤ ለእናቱ ለእማማ ሸጋም በአዊኛ ተርጉሞ ቢነግራቸው እልል አሉ። የፈረሰኛ ልጅ ክብር ሲሰጠው ብጎዳስ ብሎ ይጠይቃል እንዴ? ዳማ ፈረሱን ወንዝ ወስዶ አጠበ፣ የአባቱን መርገፍ፣ ያን ጌጠኛ የፈረስ ልብስ፣ አለበሰውና እንጅባራ ሄደ።

ሁለተኛ፣ የእንግዳ አቀባበልዎ ልዩ ነው። ሌላ ቤት እንግዳ ሲዘገይ ይጠበቃል፤ በእርስዎ ውል ግን የክብር እንግዳው ከዘገየ ይቀጣል፣ ሳይፈቀድለት ከግቢ አይወጣም፣ ጋልብ ሲባል ይጋልባል። ሌሎቹ እንግዶች አዳራሽ ገብተው ሲጋበዙ፣ የእኔው ከሆቴሉ ጀርባ ፈረሱ አጠገብ ቆሞ ምሳውን በላ። ግድ የለም፣ ዳማው ጥሩ ባልንጀራ ነው።

ሦስተኛ፣ ስለ ወለሉ። አወቀ በዚህ በሚያንሸራትት ሴራሚክ ላይ ፈረስ አይጋለብም፣ ሣሩ ላይ ላድርገው ብሎ ለምኖዎት ነበር። እርስዎ ግን ሣሩ ለካሜራ አይመችም ብለው ውሉን አስታወሱት። ርችቱ ሲፈነዳ ዳማው ደነበረ፣ ተንሸራተተ፣ ላዩ ላይ ወደቀበት። በቪዲዮው ላይ ሰው ሲያጨበጭብ ይሰማል፤ የትርዒቱ አካል መስሏቸው ነው።

ከዚህ በኋላ ቁጥሩን ትቼዋለሁ። አቤት ያልሁበት የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ያሉት ሴትዮ ውሉን ደጋግመው አነበቡና አዘኑልኝ። ሠራተኛ ተብሎ ቢጻፍ ኖሮ አሠሪው እንዲያሳክመው ይገደድ ነበር፣ ስለ እንግዳ ግን ሕጉ ምንም አይልም አሉኝ። ጌታዬ፣ ሲያዙት ሠራተኛ፣ ሲሰበር እንግዳ! ይህን የመሰለ መላ ያፈለቀ ጭንቅላት ይባረክ። ሐኪሞቹ ቀዶ ሕክምናው ቶሎ ከተደረገለት ሊቆም ይችላል፣ ከዘገየ ግን ተስፋ የለውም ብለዋል። ስለዚህ የምለምንዎት አንዲት መስመር ብቻ ናት፤ «አወቀ የወደቀው የእኔን ሥራ ሲሠራ ነው» ብለው ይጻፉልኝ።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ እርሱ ራሱ ነው። ሰውየውን አታስቀይሚያቸው፣ አክብረውኝ እኮ ነው ይለኛል። ውሉን እስከ ዛሬ ትራሱ ሥር ያኖረዋል። ዳማው ውጭ ሲያሽካካ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል፤ እኔም ላለማየት ወጥቼ አለቅሳለሁ።

ፈጣሪ ወገብዎን ከክብር ሁሉ እንዲጠብቅልዎ እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር፣

የክብር እንግዳዎን ቀንና ሌሊት የማገላብጠው
ያለምወርቅ
ከግምጃ ቤት

ማስታወሻ፦ ጸሐፊዎ ሰሞኑን ደውላ፣ ዳማው ለሚቀጥለው ምረቃ ይገኝ እንደሆነ ጠይቃኛለች። ፈረሱ ደኅና ነው፤ ግን አይመጣም። ይልቅስ እርስዎ የክብር እንግዳ ሆነው ቤታችን ይምጡልን። ቢዘገዩ አንቀጣዎትም፣ ምሳም አብረን ተቀምጠን ነው የምንበላው። አወቀ እንግዳ ሲገባ ብድግ ብሎ መቀበል ልማዱ ነበር፤ ዘንድሮ ተኝቶ ስለሚቀበልዎ ይቅርታ ያድርጉለት።