የትንፋሽ ተራ

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 5

ውሃ ነበረበት። ቱባውን፣ የባንዳችንን ትልቁን የነሐስ መሣሪያ፣ ገልብጬ ትልቁን ቱቦ ስነቅለው ሁለት ማንኪያ የሚያህል አረንጓዴ ውሃ ጫማዬ ላይ ፈሰሰ። ከእኔ በፊት ይነፋው የነበረው የአያ አስማረ ትንፋሽ ነው። ሰው ሲነፋ ትንፋሹ ነሐሱ ውስጥ ውሃ ይሆናል፤ ሲጨርስ ማፍሰስ አለበት። አያ አስማረ በነፋበት ዘመን ሁሉ ሳያፈስና በጨርቅ ሳይወለውል ቤቱ ገብቶ አያውቅም። በመጨረሻው ቀን ግን ሳያፈስ ሄደ። ያን ያህል ደክሞት ነበር ማለት ነው።

ነርስ ነኝ። መድከሙን ለማወቅ ውሃው አያስፈልገኝም ነበር።

ቱባውን ሻምበል ደረጀ ነው ከልምምድ በኋላ ሰው ሁሉ ፊት ያስረከበኝ። ሻምበል የማርሽ ባንዳችንን የሚመራ የጦር ሠራዊት ጡረተኛ ነው፤ ሲናገርም ሰልፍ የሚያዝ ይመስላል። "ከአንች ሌላ ሰው የለኝም ሲስተር። የፊታችን ቅዳሜ የኮሌጁ ምረቃ ነው፤ ያለ ቱባ ማርሹ አልጫ ነው" አለኝ። ትሮምቦኔን ለሰለሞን ሰጠሁ። ሰለሞን የጂኦግራፊ መምህር ነው፤ ደግ፣ ግን ሐሳቡ ሁሌ ሌላ አገር ነው። እምቢ ማለት ነበረብኝ። እሺ አልኩ።

የቱባው ሁኔታ፦
ሁለተኛው ቫልቭ በጣት ሲጫኑት ይይዛል፣ አይመለስም።
ሆዱ ላይ የድሮው ስርጉድ እንዳለ ነው።
ማውዝፒሱ፣ አፍ የሚገጥምበት ጫፍ፣ የእሱ ነው። የከንፈሩ ቦታ ላይ ብሩ ለቆ ቢጫው ይታያል።

በአልኮል ሁለት ጊዜ ጠረግኩት። አንዴ ይበቃ ነበር። ሦስተኛም ጠረግኩት።

ጾም ተፈቷል፤ አከራዬ ዶሮ ልካልኝ ነበር። አልበላሁም።

እሑድ፣ ሐምሌ 6

"ወፍራም ድምፅ" የሚባል የቴሌግራም ግሩፕ አለን። ቱባ፣ ባሪቶንና ትሮምቦን የምንነፋ ሰዎች ነን፤ ከጎንደር፣ ከባሕር ዳር፣ ከደሴ፣ ከአዲስ አበባ። ዛሬ የሚይዝ ቫልቭ በምን እንደሚፈታ ጠየቅኩ። አንዱ የስፌት ማሽን ዘይት አለ። አንዱ ነጭ ጋዝ አለ። ሦስተኛው ሁለቱንም ወንጀለኞች አላቸው። የደሴው ሰውዬ የተጣበቀ ማውዝፒስ በመዶሻ ሲያላቅቅ ቧንቧውን እንዴት እንደጠመዘዘው ለመቶኛ ጊዜ ተረከ። አንድ ሰዓት ሙሉ ተጨቃጨቁ፤ እኔም ብቻዬን እየሳቅኩ አነበብኩ።

ከዚያ ከስሞቹ መሃል አየሁት። አያ አስማረ። ኦንላይን።

ከሞተ ወር ሊሞላው ነው። አፈር ሲያለብሱት ቆሜ አይቻለሁ። ስሙ ሥር ያለችው ቃል ሁለት ደቂቃ ያህል ቆይታ ጠፋች። ስልኬን ትራስ ሥር ከተትኩት። ገና ቀን ሳለ፣ ፀሐይ በመስኮት እየገባች፣ አልጋዬ ላይ እንደ ሕፃን ተጠቅልዬ ተኛሁ።

ሰኞ፣ ሐምሌ 7

ሥላሴ ነው። ከተማው በዝናብም ነጭ ለብሶ ወጥቷል። እኔ ጤና ጣቢያ ተረኛ ነበርኩ፤ ከዚያ በቀጥታ ወደ ልምምድ። የምንለማመድበት የድሮ የእህል መጋዘን ጣሪያው ያፈሳል። ከበሮ መቺዎቹ ከበሯቸውን በላስቲክ ሸፍነው ነው የሚመቱት፤ ዱባ የሚደበድቡ ይመስላሉ።

ማርሹ መጨረሻው ላይ አንድ ረጅም ድምፅ አለው። ሌሎቹ ከላይ ይሮጣሉ፤ ከታች ያለነው ያንኑ አንድ ድምፅ ሳናቋርጥ እንይዛለን። በአንድ ሰው ትንፋሽ የሚሆን አይደለም። ለሁለት ነው የሚያዘው፤ አንዱ ሲተነፍስ ሌላው ይይዛል፣ ከዚያ ይለዋወጣሉ፣ ሰሚው አንድ ድምፅ ይመስለዋል። ሻምበል የትንፋሽ ተራ ይለዋል። እኔና አያ አስማረ ስድስት ዓመት ተራ ተጠባብቀናል። አፋችን ስለተያዘ ምልክታችን በእግር ነበር። መተንፈስ ሲፈልግ በግራ ጫማው ቀኝ ጫማዬን ነካ ያደርጋል፤ እኔ እይዛለሁ። እኔ ስፈልግ እነካዋለሁ፤ እሱ ይይዛል።

ዛሬ እዚያ ቦታ ስንደርስ ቀኝ ጫማዬ ተነካ።

ድምፁ አፌ ውስጥ ተሰበረ። በቀኜ ሰው የለም፤ ግድግዳ ነው። ሻምበል ሁላችንንም አቁሞ "ምነው ሲስተር?" አለኝ። ቫልቩ ያዘኝ አልኩት። የጣሪያው ጠብታ ይሆናል ብዬ ጎንበስ ብዬ ጫማዬን አየሁ። ደረቅ ነበር።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 8

ልጻፈውና ይውጣልኝ። ለንስሐ አባቴ እንኳ አልነገርኩም።

ግንቦት መጨረሻ ላይ ለትሮምቦኔ አዲስ ማውዝፒስ ከአዲስ አበባ በሰው አስመጣሁ። ሰፊና ጥልቅ። ኮራ ብዬ ፎቶውን ግሩፑ ላይ ለጠፍኩ። አያ አስማረ በድምፅ መለሰ፦ "ሲስተር ማውዝፒስ መስሏት የሽሮ ድስት ገዝታለች። ሽንኩርቱን ማን ይላክላት?" ሰዉ በሳቅ ሞተ። የሽንኩርት ፎቶ የላከም ነበር። አሁን ሳስበው ያስቃል። ያን ጊዜ አንገበገበኝ። ወንዶች መሃል ቆሜ ስነፋ "ሴት ልጅ ይህን ትችለዋለች?" ሲሉኝ መልስ የሚሰጥልኝ እሱ ነበር። ሌላ ሰው ቢስቅብኝ አይገርመኝም ነበር።

በሰኔ መጀመሪያ አንድ ሆቴል ሲመረቅ ነፋን። እስከዚያ ቀን ኩርፊያዬን ይዤ ነበር። ረጅሙ ድምፅ ላይ ደረስን። ጫማዬን ነካኝ፤ የምይዘው እኔ ነበርኩ። ትሮምቦኑን ከአፌ አወረድኩ።

አላቋረጠም። ድጋሚ ነካኝ። ቀጥ ብዬ ወደፊት አየሁ። በዓይኔ ጠርዝ ከንፈሩ ዙሪያ ሲጠቁር አይቻለሁ፤ ያ ቀለም ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ልቡን እንደሚያመው አውቃለሁ፤ ደም ግፊቱን የምለካለት እኔ ነበርኩ። እስከ መጨረሻው ብቻውን ያዘው።

ሲያልቅ ቁጭ ብሎ ላቡን ጠረገ። "ልጀ፣ ዛሬስ ረሳሽኝ" አለኝ እየሳቀ። "ረሳሁ አያ" አልኩት። ዋሸሁ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ከእንቅልፉ አልነቃም። ልብ ነው ተባለ፤ ሌላ የጠየቀ የለም። በአንድ ድምፅ ሰው አይሞትም፤ ይህን በቀን አሥር ጊዜ ለራሴ እናገራለሁ። ለታማሚ ብነግረው አምኖኝ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር። እኔን ግን አላሳምን አለኝ።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 9

ከአያ አስማረ የድምፅ መልእክት መጣ። ግሩፑ ላይ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት።

የመድኃኒት ክፍሉን በር ዘግቼ ከፈትኩት። ትንፋሽ ነው። ወደ ውስጥ፣ ወደ ውጭ፤ ከኋላው ዝናብ በቆርቆሮ ላይ። አሥራ አንድ ሰከንድ።

ግሩፑ ተተራመሰ። የደሴው በስመ አብ አለ። የባሕር ዳሩ ማን ነው በሙት የሚቀልደው ብሎ ተቆጣ። አንዱ ግሩፑን ለቆ ወጣ። ሻምበል ስልኩ ተሰርቆ ይሆናል አለ። እኔ ከልማድ፣ ሰዓቴን አይቼ ትንፋሹን ቆጠርኩት። ደጋግሜ ቆጠርኩት። የተረጋጋ ነው፣ አያፏጭም፣ አይቆራረጥም። የአያ አስማረን ደረት በጆሮዬ አውቀዋለሁ፤ ይህ የእሱ አይደለም። ይህ ጤነኛ ሰው ነው።

ስለዚህ ያ ስልክ ባለቤት አለው። ባለቤቱን አውቃታለሁ፤ ከቀብሩ በኋላ ዓይኗን ለማየት ፈርቼ ቤቷ ሄጄ ያልጠየቅኳት ሰው ናት።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 10

ወደ አያ አስማረ ሰፈር ወደ ወለቃ ሄድኩ። የሸክላ ሻጮቹ ዕቃቸውን በላስቲክ ሸፍነው ጥግ ይዘዋል። ከባጃጅ ወርጄ በጭቃው ወደ ውስጥ ገባሁ።

እትዬ ይታይሽ፣ የአያ አስማረ ሚስት፣ ጥቁር ለብሳ በረንዳው ላይ ምስር ትለቅማለች። ስልኩ ጭኗ ላይ ነው። ማንበብ አትችልም። ልጇ ለቀብር መጥታ በነበረችበት ጊዜ የቱን ስትነካ የአባቷ ድምፅ እንደሚወጣ አሳይታት ሄደች። እናት በየቀኑ ግሩፑን ትከፍትና አንድ በአንድ ትሰማዋለች፤ ስለ ዘይት ሲጨቃጨቅ፣ ሰው ሲሳደብ፣ ሲስቅ። ትናንት ጣቷ የማይሆን ቦታ ተጭኖ ቆየ። እሷ መላኳንም አላወቀችም። የቱን ተጭና እንደላከችው ሳሳያት አፏን ያዘች።

ከዚያ አየት አድርጋኝ "ያች የሽሮ ድስቷ አንች ነሽ?" አለችኝ። ሳቀች። ከፍታም አሰማችኝ። የእሱ ድምፅ በዚያ በረንዳ ላይ ወጣ፤ ሽንኩርቱን ማን ይላክላት? እኔ የት ልግባ።

እያጫወተችኝ ነበር። ቤት ሲለማመድ ተራ የምትይዝለት እሷ ነበረች። "'ያዥልኝ እስቲ' ይለኛል። እኔ ወጤን እያማሰልሁ እም እላለሁ፣ እሱ ይተነፍሳል። ሸጋ ድምፅ አለሽ ይለኝ ነበር፣ ውሸታም።"

እዚህ ላይ ነገርኳት። ሁሉንም። ትሮምቦኑን ማውረዴን፣ ከንፈሩን ማየቴን፣ ረሳሁ ማለቴን።

ምስሯን መልቀም አላቆመችም። "ምነው ነገርሽኝ?" አለች በመጨረሻ። "ብቻሽን ይዘሽው ነበር። አሁን ሁለት ሁነን ልንይዘው ነው?" ይቅር በይኝ አልኳት። "ዛሬ አልችልም። ሌላ ቀን ጠይቂኝ። ሂጅ አሁን፣ ዝናቡ ሳይመጣ ሂጅ።"

በሩ ላይ ስደርስ ከኋላዬ ጠራችኝ። ቱባውን ማን እንደያዘው ጠየቀችኝ። እኔ አልኳት። ቅዳሜ የት እንደምንነፋም ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ወደ ምስሯ ተመለሰች።

ዓርብ፣ ሐምሌ 11

የስፌት ማሽን ዘይት ሠራ። ሁለተኛው ቫልቭ አሁን እንደ ቅቤ ይወርዳል። ይህ የሳምንቱ ብቸኛ ድል ነው።

ለሰለሞን የእግሩን ምልክት አሳየሁት። "እንደ ፍቅረኛሞች?" ብሎ ሳቀ። ስነካህ ያዝ፣ ሌላ አትጠይቅ አልኩት። ሦስት ጊዜ ሞከርነው፤ ሁለቱን ያዘ።

ቀኝ ጫማዬ ዛሬም ተነካ። አልጮህኩም። ነገርኳት እኮ አልኩ በልቤ። ድጋሚ ነካኝ።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 12፣ ከቀትር በኋላ

ዝናቡ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ቆመ። የተመራቂዎቹ ጋውን ጫፉ ጭቃ ነክቷል፣ እናቶች እልል ይላሉ፣ ሻምበል ኮፍያውን አሥር ጊዜ ያስተካክላል። ማርሹ ሊጀመር ሲል እትዬ ይታይሽን አየኋት። አጥሩ አጠገብ፣ ባሕር ዛፉ ሥር፣ በጥቁሯ፣ ስልኩን እንደ ጧፍ በሁለት እጇ ይዛ።

ነፋን። ረጅሙ ድምፅ ላይ ደረስን። ያዝኩ፣ ያዝኩ፣ ትንፋሼ እያለቀ ሲሄድ በግራዬ ያለውን የሰለሞንን ጫማ ነካሁ። ምንም። ሰለሞን ትሮምቦኑን አውርዶ መድረኩ ላይ ለወጣ የድሮ ተማሪው እጁን ያውለበልባል። ድጋሚ ረገጥኩት። ምንም።

ጆሮዬ ጮኸ። የማየው ነገር ጫፍ ጫፉ ጠቆረ። ያኔ ገባኝ፤ ማቆም ይቻላል። ከንፈርን ማላቀቅ ነው፣ ሌላ ጉልበት አይፈልግም። አያ አስማረም ይህን ያውቃል። ያን ቀን ቢያቆም ኖሮ ድምፁ ይቋረጥ ነበር፣ ሰው ሁሉ ዞር ብሎ ያየን ነበር፣ ትሮምቦኗን አውርዳ የቆመችውን እኔን ያየኝ ነበር። የያዘው እኔን ለመሸፈን ነው። ሳቅ ብሎ ረሳሽኝ ያለኝም ማምለጫ ሲሰጠኝ ነው።

እኔ ግን አቆምኩ። ተነፈስኩ። ማርሹ መሃል ጉድጓድ ተከፈተ፤ ክላርኔቶቹ ብቻቸውን ቀሩ፣ ሻምበል በዓይኑ በላኝ። ተነፍሼ ተመለስኩና ጨረስኩት።

ሲያልቅ ሰለሞን ፊቱ ቀልቶ መጣ። "ሲስተር፣ በእግዜር፣ ረሳሁ" አለኝ። የእሱ እውነት ነበር። አይዞህ አልኩት። እንባዬ መጣ፤ እሱ በእሱ ጥፋት መሰለው። ወደ አጥሩ ዞር ስል ባሕር ዛፉ ሥር ማንም የለም።

ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ ስልኬ ጮኸ። አያ አስማረ። የድምፅ መልእክት፣ አራት ደቂቃ። ዛሬ ግሩፑ ላይ በስመ አብ ያለ የለም፤ ሁሉም ያዳምጥ ነበር መሰለኝ።

ማርሹ ነው፣ ከሩቅ፤ ከዛፉ የሚንጠባጠበው ውሃ ስልኩ ላይ ሲያርፍ ይሰማል። ረጅሙ ድምፅ መጣ። እየቀጠነ ሲሄድ ራሴን ሰማሁት። ከዚያ ጉድጓዱ።

ጉድጓዱ ባዶ አልነበረም። ስልኩ አፍ ላይ፣ ቅርብ፣ ሻካራ የአሮጊት ድምፅ፣ እም ይላል። ዝቅ ብሎ፣ ቦታውን ሳይስት፣ ያንኑ ድምፅ ይዞ። ቱባው እስኪመለስ ያዘችው። ስመለስ ለቀቀች።

ይቅርታ ይሁን አይሁን አላውቅም። አርባው የፊታችን ቅዳሜ ነው፤ ሄጄ እጠይቃታለሁ። ቀኝ ጫማዬን ግን ዛሬ ማንም አልነካውም፤ ይህን አሁን ስጽፍ ነው ያስተዋልኩት።

አራት ጊዜ ሰማኋት። ከዚያ ቱባውን ገልብጬ ውሃዬን አፈሰስኩ።