ለታየች የተሰጠ ብርድ ልብስ

ኅዳር ፲፫ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.፣ ጎንደር
ጧት የገባ፦ አራት ኩንታል በርበሬ፣ ሁለት ጆንያ ነጭ ሽንኩርት። አንዱ ጆንያ ረጥቦ ስለመጣ መልሻለሁ።

እናቴ ሆይ፣ እንዴት ሰነበትሽልኝ? የኮሶዬ ብርድ ወገብሽን እንዴት አድርጎታል? እኛ በእግዚአብሔር ቸርነት ደኅና ነን። የገበያው እሳት ሱቄን ሳይነካ መቆሙን ሰምተሻል። የጎረቤቴን የታየችን የብርድ ልብስ ሱቅ ጨርሶ የእኔ ግድግዳ ላይ ሲደርስ ነፋሱ ዞረ። በብልጠቴ ያዳንኩት አንድ ፍሬ በርበሬ የለም።

ትናንት ለዚሁ ምስጋና የሚካኤልን ዝክር አወጣን። ታየችን በር ላይ አስቁመን መጀመሪያ እኛ በላን። ከዚያ ማኅበሩን በሙሴነት የሚመራው ልጅሽ ምናለ፣ ስሙ እንዲነሣ ያልፈለገ በጎ አድራጊ የሰጠው ነው ብሎ አንድ ብርድ ልብስ አሸከማት። ለፎቶ ከፍ አድርጊው አላት። ፎቶው ደብዝዟል ተብሎ ደግማ ከፍ አደረገችው።

ታየች ጠርዙን ዳበሰችው። ታውቂያታለሽ፣ ከጅምላ የመጣ ብርድ ልብስ እንዳይተረተር ዙሪያውን በቀይ ክር ሳትሰፋ አትሸጥም።

"ሸጋ ስፌት ነው፤ የሰፋሁት እኔ ነኝ" አለች።

ማኅበርተኛችን አያ ሰውአገኝ ጉርሻውን ሳይውጥ፣ እንግዲያማ ሚካኤል ራሱ ከእሳት አውጥቶልሻል አላት። ሁሉም አፉን እንደሞላ ሳቀ። ምናለ ግን አልሳቀም። በቃጠሎው ዕለት ዕቃዋን ለማሸሽ ማኪናውን ይዞ ቀድሞ የደረሰው እሱ ነበር። ብርድ ልብሱ ከየት መጣ ብዬ በኋላ ብጠይቀው፣ አንቺ በርበሬሽን መዝኚ አለኝ።

ታየችን ተከትያት ወጣሁ። ንግዱን ትታ ጠዳ ካለችው እህቷ ዘንድ ልትገባ ጓዟን አስራለች። ከሱቄ ግማሹን ውሰጂ አልኋት። ምጽዋት በቃኝ አለችኝ።

"ነፋሱን ያዞረልኝ ጌታ ኪራይ አልጠየቀኝም፤ እኔም አልጠይቅሽም" አልኋት።

የምትሰጭኝ ግማሽ በመንገዱ በኩል ነው በጓሮው? አለችኝ። በመንገዱ አልኋት። ነጋዴ ናት፤ ጓሮውን ብላት አትመጣም ነበር። እኔ ጓሮ ብገባም በርበሬን ሽታው ገዢ ይጠራለታል።

ይህን የጻፍኩልሽ ስመጣ ስለዚህ ነገር እንዳንነጋገር ነው። ደብዳቤውን ዛሬ በኮሶዬ አልፎ ወደ ደባርቅ የሚወጣው ሾፌር ያደርስልሻል። እግዚአብሔር ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ ምርቃትሽ አይለየኝ።

ልጅሽ

ነገ፦ በመጀመሪያው ማኪና ወደ ኮሶዬ። ምናለ ሰሞኑን ለብርዱ ብሎ የላከልሽን ብርድ ልብስ፣ ጠርዙን ሳታገላብጪ አጣጥፈሽ ጠብቂኝ። ሌላ ይዤልሽ እመጣለሁ።