«ስታብጥ ያምጧት» ላሉኝ የጤና መድን ኃላፊ

ለተከበሩ አቶ ዋኘው፣
የሠፈራችን የጤና መድን ማስተባበሪያ ኃላፊ፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣ እርስዎም ቤተሰብዎም እንደምን ሰነበታችሁ? ፈጣሪ ጤናዎን አብዝቶ ይስጥዎ። ይህን የምመኘው ከልቤ ነው፤ እርስዎ ድንገት ቢታመሙ በራስዎ መሥሪያ ቤት በኩል ለመታከም ይገደዱ ይሆናልና፣ ይህን ደግሞ ለጠላቴም አልመኝም።

እኔ እዚሁ ጎንደር ቀሐ ወንዝ አጠገብ ባለች ደብር ዜማ የማስተምር መሪጌታ ህሩይ ነኝ። የዘጠኝ ዓመት ልጄ ምስጢር ሰሊጥ ከቀመሰች ከንፈሯ ያብጣል፣ ጉሮሮዋም ይዘጋል። እንደሚያውቁት በአገራችን ጾም በገባ ቁጥር ሰሊጥ የማይቀርብበት ማዕድ ጥቂት ነው፤ ልጅ ሳያጎርስ ከማዕድ የሚነሳ ዘመድም የለም። በጤና ጣቢያ ያያት ሐኪም ነገሩ አለርጂ መሆኑን ነግሮን፣ ስፔሻሊስት መርምሯት ከሰሊጥ ሌላ የማይስማማትን እንዲለይ፣ ለክፉ ቀንም ቤት የሚቀመጥ መርፌ እንዲያዝላት ጻፈልን። እኔም ካርዴን ይዤ ወደ እርስዎ መጣሁ።

፩. በቅድሚያ ስለ ካርዱ ላመስግን። የአለርጂ ሕክምናን ሙሉ በሙሉ እንደሚሸፍን በቢሮዎ በደስታ ተነግሮኛል። ሐኪሙ የት እንዳለ ስጠይቅ ግን ከእናንተ ጋር ውል የገባ የአለርጂ ስፔሻሊስት በጎንደርም በዙሪያዋም እንደሌለ፣ አዲስ አበባ አለ የተባለውም መድን እንደማይቀበል ተረዳሁ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

፪. ደጅ ስጠናባችሁ ያዘነልኝ ሠራተኛዎ አንድ ክሊኒክ ጠቁሞኝ ልጄን ይዤ ማራኪ ሠፈር ድረስ ሄድኩ። ያገኘሁት የጥርስ ሐኪም ነው። ሰውየው ጨዋ ስለሆነ አፏን አስከፍቶ ሸጋ ጥርስ እንዳላት መስክሮልኛል።

፫. አዲስ አበባ ወስጄ እንዳሳክማት በልዩ ሁኔታ ይፈቀድልኝ ብዬ ሳመለክት፣ እብጠቷን ኮሚቴው በዓይኑ ማየት እንዳለበት ገልጸው፣ ስታብጥ ያምጧት አሉኝ። ያሉኝም በትሕትና ነው፤ ወንበር እንኳ ስበውልኛል። ምነው ክቡርነትዎ! ትንፋሽ ያጠራትን ልጅ በባጃጅ ጭኜ ከእናንተ በረንዳ ወረፋ ልያዝ? ኮሚቴውስ ከሻይ እስኪመለስ በምን ትተንፍስ?

፬. ከሁሉ የሚበልጠው ውለታዎ ግን የፍልሰታው ነው። የመድን ተጠቃሚዎችን ለማመስገን ባዘጋጁት ምሳ ላይ እኔ ከደቀ መዛሙርቴ ጋር ቆሜ ሳዜም፣ እርስዎ ልጄን ከካሜራው ፊት ጠርተው በሰሊጥ ፍትፍት አጎረሷት። ምስጢር የትልቅ ሰው ጉርሻ እንደማይመለስ ተምራ ያደገች ናት፤ ዓይኗን ወደ እኔ እያንከራተተች ተቀበለች። መቋሚያዬን ጥዬ ብጮህ ጭብጨባው ዋጠኝ። ጭብጨባው ሳያበቃ ፊቷ አበጠ፣ ከንፈሯም ጠቆረ። እውነቱን አልክድም፤ በራስዎ መኪና ሆስፒታል ያደረሷት እርስዎ ነዎት። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ተርፋለች።

እኔም ሞኙ፣ ከእንግዲህስ ነገሩ አለቀ ብዬ ወደ ቢሮዎ ተመለስኩ። የተሰጠኝ መልስ ግን፣ በዕለቱ ኮሚቴው ተሟልቶ ስላልተሰየመ እብጠቷ እንዳልታየ ይቆጠራል የሚል ሆነ፤ ፊርማውም የእርስዎ ነው። ኮሚቴው ተሟልቶ የሚሰየምበትን ቀን ቢያሳውቁኝ፣ ለዚያች ቀን ሰሊጥ ላጉርሳት?

ክቡር ሆይ፣ ከዚህ በላይ በወግ መጻፍ አቃተኝ። ልጄ እንዳትሞትብኝ ፈርቻለሁ። እናቷ ሰብለ ወንጌል ከጎረቤት ዝክር አስቀርታታለች፤ ልጅቱም ሰው እጁን ወደ አፏ ሲያነሳ ትሸሻለች።

የቢሮዎን ደጅ ከደብሩ ደጅ አብልጦ የሳመው፣ ለመልካም መስተንግዶዎ ምስጋና ያነሰው፣
መሪጌታ ህሩይ፣ የምስጢር አባት

ማሳሰቢያ፦ ልጄን ሲያጎርሱ የተነሱት ፎቶ ከቢሮዎ በር ላይ ተለጥፎ አየሁት፤ ሸጋ ወጥቷል። ፎቶ አንሺው ከእሱ ቀጥሎ ያነሳውንም አሳይቶኛል። በዚያኛው ልጄ አብጣ በክንድዎ ላይ ናት፣ እርስዎም እያለቀሱ ነው። ኮሚቴው ማስረጃ ካሻው እሱን ይለጥፍ።