የክንዴ ፊልም በቆሰበር

ቆሰበር፣ መጋቢት 9 ቀን 1973 ዓ.ም.

በቀለች፣ እኔም ክንዴም ደኅና ነን፤ የእሱን ግን አንብበሽ ፍረጂ።

ከፕራግ ተምሮ ከመጣ ወዲህ የሠራቸው ሁለት ፊልሞች መጋዘን መግባታቸውን ታውቂያለሽ። አንደኛው አሥራ አምስት ደቂቃ ሙሉ የግድግዳ ጥላ ነበር። አለቆቹ «የመጨረሻ ዕድልህ ነው፤ የአገው ፈረሰኞች ለአብዮቱ ሲሰለፉ አንሳ» ብለው ወደዚህ ላኩት። እኔም ፕሮጀክተር ይዤ እንድከተለው ታዘዝኩ። እሱ ግን ሃያ ደቂቃ ያነሳው የፈረሶቹን ኮቴ ብቻ ነው! ፈረሰኛ የለም፣ መፈክር የለም።

ትናንት በገበሬ ማኅበሩ አዳራሽ አሳየነው። አዲስ አበባ የእሱ ፊልም ሲጀመር ሰው ኮቱን አንስቶ ይወጣል። እዚህ ግን አቶ ዋኘው የሚባሉ ሽማግሌ ብድግ ብለው «ይቺማ የእኔ ዳማ ናት! የኋላ ግራዋን ስትጎትት አታዩም?» አሉ። ከዚያማ ሁሉም የየፈረሱን ኮቴ እየለየ በስም ይጠራ ጀመር። ሦስት ጊዜ አስደገሙን።

በመጨረሻ ካድሬው መብራት አስበርቶ «ይህ ፊልም የግል ንብረት ስሜት ይቀሰቅሳል፤ ታግዷል!» አለ። አቶ ዋኘው ወደ ክንዴ ጠጋ ብለው «አይክፋህ ልጄ፣ እኛ እኮ ገብቶናል» ሲሉት ዓይኑ እንባ ሞላ።

ቦታ አለቀብኝ። እናትሽን እትዬ ሽቱን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። ክንዴም ሰላም ይልሻል፤ አጠገቤ ተቀምጦ ግለ ሂሱን እያፏጨ ይጽፋል።

ዋጋዬ