በሴቶቹ ክፍል የማይሠራው ካሜራ

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለአብዱልበሲጥ፣ ጂዳ።

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ከርመሃል ወንድም ጋሼ? ጤናህስ? የወገብህ ሕመም ተሻለህ ወይ? በዚያ ሙቀት የምታድርበት ክፍል ማቀዝቀዣው ተጠገነላችሁ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን። ከእኔ ንዴት በቀር ቤቱ ሰላም ነው።

በስልክ ነገሩን ስጀምርልህ ሥራ ላይ ነኝ እያልህ ስለምትዘጋብኝ፣ ይህን ጽፌ ወደዚያው በምትመለሰው በጎረቤታችን በዘይነት እጅ ልኬልሃለሁ። ቁጭ ብለህ እስከ መጨረሻው አንብበው።

እኔ የለመንሁህ ምን ነበር? በሠርግ ቤት የሴቶቹን ክፍል የማነሳባት ትንሽ የጀማሪ ካሜራ፣ ያገለገለችም ብትሆን። ገንዘቡ ጥቂት ስለሆነ ከካሜራው ቆጥበን፣ በደብዛዛ መብራት የሚያነሳ ሃምሳ ሚሊ ሜትር ሌንስ እንጨምርባት ብዬ ዓይነቷን ሳይቀር ጽፌ ላክሁልህ። አንተ ግን እኔን ትተህ የአጎታችንን ልጅ ኢስሀቅን አማከርህ። ኢስሀቅ የሚያውቀው ጣና ዳር ቆሞ ወፍ ማንሳት ነው። ወንድ በማይገባበት ክፍል ምን እንደሚያስፈልግ ከየት አባቱ ያውቃል?

በእሱ ምክር ብሩ ሁሉ አለቀና ክንድ የሚያህል ሌንስ የተገጠመበት፣ አንገት የሚሰብር ጓዝ መጣልኝ። ማዶ በታንኳ የሚቀዝፈውን ሰው ጥርስ ያስቆጥራል፤ ፊቴ የተቀመጠችውን ሙሽራ ግን አያሳየኝም።

የአክስታችን ልጅ ሰሚሐ የተዳረች ዕለት ጉዴ ፈላ። ሙሽራዋና ሚዜዎቿ በሴቶቹ ክፍል ሻሻቸውን አውልቀው፣ ተሽሞንሙነው ተቀምጠዋል። ወደ ኋላ ብል ብል ግድግዳ ያዘኝ፤ በሌንሱ የሚታየኝ የሰሚሐ አፍንጫ ብቻ ነው። ሲጨንቀኝ በሩን ከፍቼ ከግቢ ሆኜ ላንሳ ስል፣ ወንዶቹ ምሳ ተሸክመው ብቅ አሉ። ክፍሉ በጩኸት ተናወጠ። አክስታችን በሰው ፊት ልታዋርጅን ነው ወይ ብለው ተቆጡኝ። በሩን ዘጋሁት፤ ፎቶውም በዚያው ቀረ። ሰሚሐ እኔን አምና ሌላ ሴት አልጠራችም ነበር። ስታለቅስ እያየሁ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ።

ይህስ ይሁን። ያንገበገበኝ ከዚያ በኋላ ያልኸው ነው። ካሜራውን ለኢስሀቅ ስጪው፣ ወንድ ስለሆነ ይሠራበታል፣ አንቺ ታግዢዋለሽ አልኸኝ። ምኑን ነው የማግዘው? ይህን ስሰማ ደሜ ፈላ፤ እስካሁንም አልበረደልኝም። የሴቶቹ ክፍል የእኔ እንጀራ ነው። ታላቄ ስለሆንህ ብቻ እንጀራዬን ለሌላ አንስተህ ስትሰጥ ዝም አልልም።

በማግስቱ ካሜራውን ተሸክሜ ገበያ ወጣሁና በራሴ ምርጫ ለወጥሁት። ባለሱቁ ትልልቁን ሲደረድርልኝ፣ ያችን ትንሿን አውርድልኝ አልሁት። ጠርዟ ተላልጧል። ሃምሳውን ሌንስ አስገጥሜ፣ መብራት አስጠፍቼ ሱቁ ውስጥ የነበረችውን ሚስቱን ከጥግ አነሳኋት፤ ሽፋሽፍቷ ሳይቀር ጥርት ብሎ ወጣ። ሰሚሐም የሙሽራ ልብሷን መልሳ ለብሳ ላነሳት ተስማምተናል፤ የሠርጉ ዕለት ግን አይመለስም። ኢስሀቅ ደውሎ ለወጠችው ካለህ እውነቱን ነው። ልትቆጣኝ ከሆነ የምትደውለው አላነሳም።

አባባ በዱዓቸው አልረሱህም። አክስታችን ከነኩርፊያቸው ሰላም ብለውሃል። ሰሚሐም ሰላም ብላሃለች፤ በአንተ አልተቀየመችም፣ እኔ ግን ተቀይሜሃለሁ። እማዬን በአዲሷ ካሜራ መኝታ ቤቷ አንስቻት ፎቶዋን ከዚህ ጋር አድርጌዋለሁ። ሻሽ ስላላሰረች አብረውህ ለሚኖሩት ወንዶች እንዳታሳይ። አንተ ስትሄድ ፀጉሯ ጥቁር ነበር። ሻሽሽን እሰሪ ብላት እምቢ አለችኝ፤ ልጄ ሽበቴን ይየውና ይምጣ ብላለች።

እህትህ ሱንዱስ ኑርሑሴን

ባሕር ዳር፣ ፋሲሎ
ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.