ፊትሽን ያጸዳሽበት ሥዕል

ውድ አክስቴ፣

ጤናሽን በመጠየቅ መጀመር ነበረብኝ። ግን በደወልኩ ቁጥር አጎቴ «ተኝታለች» እያለ ሦስት ጊዜ ስለመለሰኝ ደህና መሆንሽን ደርሼበታለሁ። ከቀኑ በአስር ሰዓት! አንቺ ታመሽ እንኳ በዚያ ሰዓት ተኝተሽ አታውቂም። ደግሞ ከኋላው «ውሃው ፈልቷል፣ አውርደው» ስትዪው ሰምቼሻለሁ። ይህንንም ስታነቢ በትከሻሽ በኩል አጮልቆ እንደሚያነብ ስለማውቅ፣ አጎቴ፣ ጤና ይስጥልኝ፤ ውሸት አትችልበትም።

አሁን ወደ አንቺ።

ከአፌ የወጣውን ቃል ደግሜ መጻፍ አልፈልግም ነበር። ግን ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ያጠፋውን በስሙ ይጥራ ብለሽ ያሳደግሽኝ አንቺው ነሽ። «እጅሽ ይቆረጥ» አልኩሽ። በሰባት ዓመቴ ከእናቴ ቀብር ስመለስ ጫማዬን ያወለቀልኝን እጅ፣ ደብተሬን በየዓመቱ የለበጠልኝን እጅ፣ ዩኒቨርሲቲ ስገባ ሻንጣዬን እስከ አራተኛ ፎቅ ተሸክሞ የወጣውን እጅ ነው ይቆረጥ ያልኩት። አንቺ እጆችሽን ገልበጥ አድርገሽ አየሻቸው፣ በቃ።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። ግማሹን ታውቂዋለሽ፤ ግማሹ ግን ከሄድሽ በኋላ የሆነ ነው።

ያ ሰውዬ፣ «ጋሼ» እያልኩ ሁለት ዓመት ስቱዲዮው ውስጥ የሠራሁለት (አንቱታውን ከእንግዲህ አልሰጠውም)፣ እጆችሽን የሣልኩበትን ንድፍ የራሱን ስም ፈርሞበት ባንክ ቤት አዳራሽ ውስጥ ሲያሰቅለው ሄጄ ጠየቅኩት። ከወንበሩ እንኳ አልተነሳም።

«ወረቀቱ የማን ነው? የእኔ። ከሰሉስ? የእኔ። ብርሃኑ በማን መስኮት ገባ? ታዲያ አንቺ ምን አመጣሽ?»

«እጄን» አልኩት።

ሳቀ። ሳምንት ሳይሞላ ሥዕል የሚያሳዩት ቤቶች ሁሉ ዘንድ «ያቺ ምስጋና ቢስ» የሚል ስም ቀድሞኝ ደረሰ። በር ሳላንኳኳ ተዘጋብኝ።

እኔ ክፍሌ ገብቼ ሳለቅስ አንቺ ምን እንዳደረግሽ የባንክ ቤቱ ዘበኛ ነው የነገረኝ። የክት ልብስሽን ለብሰሽ ባንክ ቤት ሄደሽ፣ ንድፉ ፊት ቆመሽ፣ «ይኼ የእኔ እጅ ነው» አልሽው አሉ። እሱም አንድ ጊዜ ሥዕሉን፣ አንድ ጊዜ አንቺን አይቶ፣ «ይሁንልዎ እናቴ፣ ግን አይንኩት» አለሽ። ማታ ስትመጪ ግን ባንክ ቤት መሄድሽን አልነገርሽኝም። ልብስ በምትተኩሺበት ላውንደሪ ለሸሚዝ መጠቅለያ ከሚመጣላችሁ ጋዜጣ ላይ የቀደድሽውን ቁራጭ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥሽልኝ፣ ያው እንደ ልማድሽ በካውያ ተኩሰሽ።

«ለማንኛውም ሠዓሊ ክፍት የሆነ የቀለም ቅብና የንድፍ ውድድር» ይላል። የድጋፍ ደብዳቤ አይጠይቅም፣ የማን ተማሪ ነሽ አይልም። የሚቀበለው የሚታየውን ነገር በሚመስለው መልክ የሚያሳይ ሥራ ብቻ ነው።

«ሰው ሰውን፣ ዛፍ ዛፍን የሚመስልበት ማለት ነው?» አልሽኝ።

«አዎ።»

«ይሄስ ይገባኛል። ተነሺና ፊትሽን ታጠቢ።»

እሁድ እሁድ ላውንደሪው ሲዘጋ ቁልፉን ከባለቤቷ ተቀብለን እንገባ ነበር። አንቺ መተኮሻው ጠረጴዛ ፊት፣ እኔ ልብስ መስቀያው ሥር። መጀመሪያ ቀን ካውያውን ሳይሞቅ አስያዝኩሽ።

«ቀዝቃዛ ካውያ ይዤ ሰው ምን ይለኛል?»

«አክስትዬ፣ ሥዕል ላይ ማን ይነካዋል?»

«ካውያውስ ይሁን፤ ሸሚዙ ግን ይታያል። የተጨማደደ ሸሚዝ ከፊቴ ዘርግተሽ ስሜን ልታጠፊ?»

ስለዚህ ካውያውን አሞቅን፣ ሸሚዙን ተኮስሽው፣ ከዚያ በኋላ ነው የቆምሽልኝ። አትንቀሳቀሺ ስልሽ «ትንፋሼንም ላቁመው?» ትያለሽ። አገጭሽን ቀና አድርጊ ስልሽ «ሃያ ሁለት ዓመት ቆሜ ስተኩስ ዞር ብሎ ያየኝ የለም፤ ዛሬ ሥራ ስፈታ ነው የምታፈጪብኝ?» ትያለሽ። ሁለት ወር ሙሉ እንዲህ ስንጨቃጨቅ፣ ልንገርሽ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። አንድም እሁድ ላይ አልነገርኩሽም እንጂ።

ሥራው ሊያልቅ ሲል ወደ ቤት አመጣሁት። ቅዳሜ ጠዋት ፊቱ ቆመሽ ብዙ አየሽው።

«እንዲህ ደክሜያለሁ እንዴ?» አልሽ።

ቀና ብዬ እንኳ አላየሁሽም። «ጥላ ነው፣ አክስትዬ። ለሥዕሉ ጥልቀት ይሰጠዋል።»

«ጥልቀት» አልሽ፣ ቃሉን እንደ ጠበበ ጫማ እየሞከርሽው።

ከሰሉን ወረቀቱ ላይ የሚያጸናውን ፈሳሽ ልገዛ ወጣሁ። ያ ፈሳሽ እስኪረጭበት ድረስ የከሰል ሥራ እፍ ቢሉት የሚበር ዱቄት ነው። ስመለስ ጋዜጣ አንጥፈሽ፣ እጅጌሽን ሰብስበሽ፣ የዳቦ ለስላሳ ውስጡን በጣቶችሽ አድቦልቡለሽ ቆመሻል። ፊትሽ በርቷል።

«ነይ እዪው፣ ለቀቀልኝ! ጉንጬ ላይና አንገቴ ላይ ጥቀርሻ ተነካክቶብሽ ነበር። አይዞሽ፣ ውሃ አላስነካሁትም። እንደ ሱፍ ነው ያነሳሁት፤ ጫን ለቀቅ፣ ጫን ለቀቅ። ሰው ፊት የሚቀርብ ነገር እንዴት ቆሽሾ ይሄዳል?»

የሁለት ወር ጥላዬ ጋዜጣው ላይ ጥቁር ፍርፋሪ ሆኖ ተኝቷል።

ሱፍ ኮት ላይ ያረፈ ጥቀርሻ ውሃ ከነካው እንደማይለቅ፣ ዳቦ ግን እንደሚያነሳው ከአንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። ሌላ ሰው ቢሆን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጎ ወረቀቱን ድራሹን ያጠፋው ነበር። ያን ሁሉ ሥራዬን ወረቀቱን ሳይጎዳ፣ እንዲያ በጥራት ከላዩ ላይ ማንሳት የሚችል ሰው በዓለም ላይ አንቺ ብቻ ነሽ። ይሄ ዛሬ ያስቀኛል። ያን ጊዜ ግን ያልኩሽን አልኩሽ።

ፍርፋሪው ወለል ላይ እንዳይበተን ጋዜጣውን በአራት አጥፈሽ ይዘሽው ወጣሽ። በማግስቱ ስነሳ አልነበርሽም፤ አጎቴ ጋ ሄደሻል። ልብሶቼን በሙሉ ተኩሰሽ ወንበር ላይ ደርድረሽልኛል፤ ከለበስኩት ዓመት ያለፈውን ሳይቀር። ሰድበሽኝ ብትሄጂ ይሻለኝ ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለውን አታውቂውም።

አራት ቀን ሥዕሉን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሬ ተውኩት። በአምስተኛው ቀን ያጠፋሽውን መልሼ ልሠራ ከሰል ይዤ አዞርኩት። አየሁትና ከሰሉን አስቀመጥኩት።

አክስትዬ፣ የሣልኩሽ ምስኪን አድርጌ ነው። ዳኞቹ እንዲያዝኑልሽ፣ አዝነውም ለእኔ እንዲሰጡኝ። ከዓይኖችሽ ሥር ያለውን ጥቁረት እጥፍ አድርጌዋለሁ፤ አንገትሽን ጨለማ ውስጥ ቀብሬዋለሁ። ስሜ ተሰረቀ ብዬ የምጮኸው ሰው፣ አንቺን ራስሽን ለፍተሽ ያለቀልሽ አስመስዬ ላቀርብሽ ነበር። ዳቦው ያንን አንስቶታል። የቀረው ከሸሚዙ የሚነሳው እንፋሎት ጉንጭሽን አርጥቦት ሲያበራ ነው። ሥራዋን የምታውቅ፣ እዘኑልኝ ያላለች ሴት ቆማለች። ወረቀቱ ላይ ካለው ሁሉ የሚበልጠው ያ ቦታ ነው፤ እሱን ደግሞ እኔ አልሠራሁትም። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ከሰል በዳቦ ማንሳት አስተምረውኛል። እንዲያ ግን ሆኖልኝ አያውቅም።

አውቀሽ ነው? «ደክሜያለሁ እንዴ?» ብለሽ ስትጠይቂኝ ቀና ብዬ ብመልስልሽ ኖሮ ትተዪው ነበር? ይሄን በስልክ ልጠይቅሽ ነበር ያን ሁሉ የደወልኩት።

ሰኞ ጠቅልዬ ወደ ውድድሩ ቢሮ ይዤው ሄድኩ። ሰልፉ ደረጃው ድረስ ወርዷል። መዝጋቢዋ መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴትዮ ናት፤ ቅጽ ሰጠችኝ። መጨረሻው ላይ «ይህ ሥራ ከጅምሩ እስከ ፍጻሜው በእኔ በራሴ እጅ ብቻ የተሠራ መሆኑን አረጋግጣለሁ» ይላል። ከሥሩ አንድ መስመር ለስም፣ አንድ መስመር ለፊርማ።

«ሁለት ስም መጻፍ ይቻላል?» አልኳት።

«አይቻልም።»

«ክፍት ውድድር ነው ተብሎ የለም?»

መነጽሯን አደረገች። «እህቴ፣ ክፍት ነው ማለት ሁሉም ይግባ ማለት ነው። ሁሉም በአንድ ወረቀት ይግባ ማለት አይደለም። ማናት ሁለተኛዋ?»

«አክስቴ። ጉንጩንና አንገቱን እሷ ናት የሠራችው።»

«ሠዓሊ ናቸው?»

«ልብስ ተኳሽ ናት።»

ከኋላዬ ፍራፍሬ የተሣለበት ትልቅ ሸራ የተሸከመ ሰውዬ ትዕግስቱ አለቀ። «እኔ ብርቱካኖቹን ስስል ሚስቴ ሁለቱን በልታብኛለች። እሷንም ላስመዝግብ? ፈርሚና እለፊ እንጂ እህት፣ ማን ያውቅብሻል?»

ሰልፉ ሁሉ ሳቀ። እኔም ስቄ እስክሪብቶውን አነሳሁ። እውነት ነው፣ ማን ያውቅብኛል? ወረቀቱ የእኔ ነው፣ ከሰሉ የእኔ ነው። አንቺ ሄደሻል። ብትኖሪም «ፈርሚ፣ ምን ችግር አለው» ነው የምትዪኝ። የስሜን የመጀመሪያ ፊደል ጻፍኩ።

ያ ሰውዬ በሥራዬ ላይ ሲፈርም ምን ተሰምቶት ይሆን እያልኩ ከዚያ ወዲህ ስብሰለሰል ኖሬያለሁ። ልቡ መታ ይሆን? ሰኞ ዕለት መልሱን አገኘሁት። ምንም አይሰማም። እስክሪብቶው ለስላሳ ነው፣ መስመሩ ክፍት ነው፣ ከኋላሽ ሰልፍ አለ። በቃ፣ እንዲህ ቀላል ነው። ከዚያ የበለጠ ያስፈራኝ ነገር የለም።

የጀመርኳትን ፊደል ሰርዤ ቅጹን መለስኩላት።

«ተውሽው?» አለች መዝጋቢዋ።

«ይሄኛውን።»

አዲስ ቅጽ አውጥታ ሰጠችኝ። «መዝጊያው ገና አሥራ አንድ ቀን ይቀረዋል» አለች፣ ከዚያም ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «አክስትሽ ግን ጎበዝ ናቸው።»

ለብርቱካኑ ሰውዬ ቦታ ለቀቅኩለት። «በስተመጨረሻ!» አለኝ። ሥዕሉ፣ እውነቱን ለመናገር፣ መጥፎ አልነበረም፤ የተበሉት ሁለቱ ግን እያያቸው ሳይሆን ከጭንቅላቱ እንደሣላቸው ያስታውቃሉ።

ሥዕላችን አሁን ቤት ነው። የሁለታችንንም ስም ጻፍኩበት፣ ያንቺን አስቀድሜ። ለማንም ውድድር አይሄድም። ያን ሰውዬ የተውኩት ግን እንዳይመስልሽ። እሱም አንድ ትልቅ ሸራ እንዳስገባ ሰምቻለሁ። ዳኞቹ ስም ሳያዩ የሱንና የእኔን ጎን ለጎን እንዲያቆሟቸው እፈልጋለሁ፤ ባሸንፈውም ብሸነፍም፣ የማቆመው ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ የእኔ የሆነውን ነው። እሱን የማሳፍረው እሱን መስዬ አይደለም።

ስለዚህ አዲስ ወረቀት ወጥሬያለሁ። ቅዳሜ በመጀመሪያው አውቶቡስ እመጣለሁ፤ ይህ ደብዳቤ ሐሙስ ይደርስሻል። አጎቴ መስኮቱ ሥር ያለውን ሶፋ ገፋ ያድርግልኝ፣ ብርሃኑ በግራ በኩል እንዲገባ። ካውያም ሸሚዝም አያስፈልግም። የምፈልገው ፊትሽን ነው፤ በዚህ ጊዜ ስትጠይቂኝ ቀና ብዬ አይቼ እመልስልሻለሁ።

ይቅር ብለሽኝ ከሆነ ቁጭ በዪልኝ። ይቅር ካላልሽኝም ቁጭ በዪልኝ። አትሳቂልኝ፣ አታናግሪኝ፣ በዚያ በምፈራው ዓይንሽ አፍጥጪብኝ። እንደተቆጣሽ፣ አንዲት መስመር ሳልቀንስልሽ እስልሻለሁ።

ልጅሽ