አንድ ኪሎባይት

ገዳሪፍ፣ ጥቅምት 2 ቀን 2006 ዓ.ም.
አንተ በምትቆጥረው ደግሞ 12 ኦክቶበር 2013

ይድረስ ለወንድሜ ለኢንጂነር አኑዋር ሱለይማን
ኻርቱም

አሰላሙ ዐለይኩም። ከአባባ የተላከልህ ሰላምታ ብዙ ነው፤ እንደ ልማዱ ስምህን ሦስት ጊዜ ጠርቶ ነው የላከው። የእኔን ሰላምታ ግን እዚህ ላይ አትፈልገው። እስከ መጨረሻው ካነበብክ ምናልባት አንድ ቦታ ታገኘዋለህ።

አምስተኛው ሲዲህ ማክሰኞ ዕለት ደርሷል። ሾፌሩ እንዳይሰበር በፎጣ ጠቅልሎ፣ ከኻርቱም ገዳሪፍ ድረስ አጠገቡ አስቀምጦ ነው ያመጣው። የስድስት ሰዓት መንገድ! ሲዲ እንኳ ስድስት ሰዓት አውቶቡስ ላይ ተቀምጦ ቤታችን ይመጣል። ላዩ ላይ በዚያ በሚያምር ጽሕፈትህ "ይህ የመጨረሻው ነው፣ ከሁሉም ይሻላል" ብለህ ጽፈሃል። አራተኛው ላይም እንዲሁ ብለህ ነበር። ማሽኗ ውስጥ አላስገባሁትም። ለጎረቤታችን ሰጠሁት፤ ዱራ ማሽላው መሐል በገመድ አንጠልጥሎታል። ፀሐይ ስታርፍበት ያብለጨልጭና ወፎቹ ይሸሻሉ። ከላክሃቸው ከአምስቱ ሥራ ያገኘው እሱ ብቻ ነው።

በስልክ ደግሞ "አንቺ ግትር ነሽ፣ ሰው ሲረዳሽ አታውቂም" አልከኝ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና እስቲ ከሥሩ ልንገርህ።

ኮምፒውተሯ ቤታችን የገባች ጊዜ አንተ አሥራ አራት ዓመትህ ነበር፣ እኔ አሥራ ስድስት ልይዝ ነው። አባባ የቅመም ሱቁን ዘግቶ ከዐስር ሶላት በኋላ ይገባና ደፍተሩን ይከፍታል። በሰባ ሰባቱ ረሃብ ከጭልጋ ተነሥቶ በመተማ ሲሻገር የጀመረው ደፍተር ነው። ኋላም ኡም ራኩባ መጠለያ ውስጥ ጀናዛ ሲያጥብና መቃብር ሲቆፍር እዚያው ላይ ሲጽፍ ኖረ። የሁለት መቶ ሠላሳ አንድ ሰው ስም አለበት፤ ከየት እንደመጣና የት እንደተቀበረ። እስላሙንም ክርስቲያኑንም ጽፏል። "የቆፈርኩላቸው በአንድ አካፋ ነው" ይላል ሲጠይቁት።

ያንን ወደ ኮምፒውተር ሲያስገባ የመጀመሪያዎቹን፣ በመንገድ የቀበራቸውን አሥራ ዘጠኝ ሰዎች እየነገረ ያስጻፈው አንተን ነው። በሩ ተዘግቶ። እኔ "ሴት ልጅ ይህን አትሰማም" ተብዬ ውጭ ሆኜ ማሽኗ ስትነሣ የምታሰማትን ዜማና የጣትህን ኳኳታ እሰማ ነበር። የቀረውን እሱ ራሱ በሁለት ጣቱ እየለቀመ በስምንት ዓመት ጨረሰው። ደፍተሩን ምስጥ በላው። ከዚያ ደግሞ የአባባን ዓይን ሞራ ጋረደው።

አንተ ያኔ ኻርቱም ነበርክና አንባቢው እኔ ሆንኩ። በየቀኑ ከዐስር በኋላ ወንበሩን ስቦ ይቀመጣል፤ "ከሃያኛው ጀምሪ" ይለኛል። አሥራ ዘጠኙ ለብቻቸው በሌላ ፋይል ነበሩ። "እኔ በሕይወት ሳለሁ እንዳትከፍቺው" ብሎ አስምሎኛል። መክፈት እችል ነበር፤ ቃል ነውና አልከፈትኩም። ዛሬ ሳስበው ራሴን በጥፊ መምታት ያምረኛል።

መጋቢት ላይ ምን እንደሆነ አንተም ታውቀዋለህ፤ ግን አንድ ጊዜ ተጽፎ እንድታየው ፈልጌአለሁ። ማሽኗን ቫይረስ ወሯት ለመነሣት ሩብ ሰዓት ትፈጅ ጀመር። አባባ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ደወልኩልህ። "ዊንዶውሱን ጣይው፤ እኔ የምጠቀምበትን ኡቡንቱ እልክልሻለሁ" አልክ። ማሽኗ አሮጌ ናት፣ ራሟም 512 ብቻ ነው ስልህ ሳቅክብኝ። "አንቺ ደግሞ ራም ማወቅ ጀመርሽ?" አልከኝ።

ሲዲው መጣ፣ አስገባሁት። አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ጠየቀኝ፤ ከአሮጌው ጎን ልቀመጥ ወይስ ዲስኩን በሙሉ ላጥፋው? ደወልኩልህ። የሆነ ግብዣ ላይ ነበርክ፤ የሳህንና የሳቅ ድምፅ ይሰማኛል። አነበብኩልህ።

"ሁሉን አጥፊው፣ ያላ" አልክ።

"የአባባ ጽሑፍስ?"

"በፍላሽ ኮፒ አድርጌ ይዤዋለሁ። አትጨነቂ።"

ተጫንኩት። ጣቱ የእኔ ጣት ነው፣ አልክድም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለው ለእኔ ነው።

ከሳምንት በኋላ ፍላሽህ በአውቶቡስ መጣ። የአባባ ፋይል ስሙ አለ። ተጫንኩት፣ አልከፈትም አለ። መጠኑን አየሁ፤ አንድ ኪሎባይት። አምስት ዓመት ዩኒቨርሲቲ የተቀመጥከው ሰውዬ፣ ፋይሉን ትተህ ዴስክቶፑ ላይ ያለችውን ባለ ቀስት ምልክት ኮፒ አድርገህ ሄደሃል! ቤቱን ይዤ ሄድኩ ብሎ የቤቱን አድራሻ በወረቀት እንደያዘ ሰው። ሱቅ ውስጥ ኮምፒውተር የምትጠግነው ኢንቲሳር ዲስኩን ወስዳ ሁለት ቀን ታገለችው። አዲሱ ላዩ ላይ ስለተጻፈበት ምንም አላገኘችም።

ደውዬ ስነግርህ ምን እንዳልክ ታስታውሳለህ? "ምንም የሚጠቅም ነገር አልነበረበትም" አልክ። ኒካሕህ ዕለት አባባን ጥግ አስቁመህ "ከየት እንደመጣን ለሚስቴ ሰዎች ብዙ አታውራ" ያልከውን ያን ቀን ውጬው ነበር። ይኸኛውን ግን መዋጥ አቃተኝ።

እንግዲህ ስለ ሲስተም ምርጫም ልንገርህ፤ ኢንጂነር አይደለህ? ኡቡንቱን አልወቅሰውም፤ ለአቅሟ ያልሆነውን የጫንክባት አንተ ነህ። ሦስት ፊደል እጽፋለሁ፣ እጄን አጣጥፌ እጠብቃለሁ፣ ከዚያ አንዷ ብቅ ትላለች። ሁለተኛውና ሦስተኛው ሲዲህም በሌላ ስም ያው ናቸው፤ የሚያምር ሥዕል፣ የሚንሸራተት መስኮት፣ የማትንቀሳቀስ ማሽን። ኢንቲሳር አንተ አንድም ቀን ያልጠየቅከኝን ጠየቀችኝ።

"ያ ጠይባ፣ ምንድነው የምትሠሪባት?"

"አማርኛ እጽፋለሁ፣ ሌላ ምንም።"

"ከህረባው፣ መብራቱ ሲሄድስ? በኸሪፍ ዝናብ በቀን ሦስቴ ነው የሚሄደው። ኸላስ፣ መጀመሪያ ይቺ አጁዝ የምትችለውን እንይ፣ ቆንጆውን ለቆንጆዎቹ ተዪላቸው።"

አጁዝ ያለቻት ማሽኗን ነው፤ አሮጊቷ ማለቷ ነው። በመጀመሪያ ፓፒ የሚባለውን ሞከርን። ትንሽዬ ነገር ነው፤ ሲስተሙ ሁሉ ራም ውስጥ ይገባል፣ ዲስኩን አይነካም። አባባ ወንበሩን ስቦ ሳይቀመጥ ተነሣች! ፊደላችን ግን ሳጥን ሳጥን ሆኖ ወጣ። ኢንቲሳር ፎንት አምጥታ ጫነች፣ መጻፍ ጀመርኩ። ሐምሌ ላይ መብራት ድርግም ሲል ግን ራም ውስጥ የነበረው አብሮ ጠፋ፤ አሥራ አንድ ሰው። ሁለተኛ ጊዜ ቀበርኳቸው ብዬ ማሽኗ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ።

ከዚያ የኡቡንቱን ቀላል ታናሽ፣ የዓምናውን ሉቡንቱ መረጥኩ። አዲሱ ወጥቷል ስትለኝ "የዓምናው ይበቃታል" ያልኳት እኔ ነኝ። መልክ የለውም፤ ከታች አንድ መስመር፣ ጥቂት ምልክቶች፣ አለቀ። ግን ይነሣል፤ አማርኛውንም በእንግሊዝኛ ፊደል በድምፁ ስጽፈው ይቀበለኛል። ጽሑፉን በየአምስት ደቂቃው ራሱ እንዲያስቀምጥ አድርጌዋለሁ። ዲስኩንም ለሁለት ከፈልኩት፤ ሲስተሙ በአንዱ፣ ሰዎቹ በሌላው። ነገ አንዱ አዋቂ በስልክ "ሁሉን አጥፊው" ቢለኝ ሲስተሙ እንጂ እነሱ አይነኩም። ይህን ያስተማረኝ አንተ አይደለህም።

ምን እንደምጽፍ ገብቶሃል? ለአባባ አልነገርኩትም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንዲሉ፣ ባዶ ገጽ ከፍቼ ፊት ለፊቱ ቁጭ እልና በቃሌ "አነብለታለሁ"። ሦስት ዓመት ሙሉ ያነበብኩት ነው፤ ስሙም የመቃብሩ ዛፍም ጭንቅላቴ ውስጥ አለ። የዛሬውን ያልኩለትን በማግስቱ ጠዋት ቁጭ ብዬ እጽፈዋለሁ። ነሐሴ ላይ ስለሺ የሚባል ሰው ከኒው ሀልፋ መጣ፤ የስኳር ፋብሪካ ሠራተኛ ነው። እናቱን ሣህሊቱን ኡም ራኩባ ቀብረው በሁለት ዓመቱ ለዘመድ የሰጡት ልጅ። አባባ "አንብቢለት" አለኝ። "ሣህሊቱ፤ ከአምባ ጊዮርጊስ የመጣች፤ ከውሃው ጉድጓድ በስተምሥራቅ፣ ከሦስተኛው ግራር ሥር፣ ራስጌዋ ነጭ ድንጋይ" አልኩ። ሦስተኛው ነው አራተኛው? ሊፈልጋት ኡም ራኩባ ሄዶ እስኪደውል ድረስ ሁለት ቀን እህል አልቀመስኩም። ደወለ። ግራሩ ተቆርጧል፤ ጉቶውና ነጩ ድንጋይ አለ። ስልኩ ውስጥ የሚያለቅሰውን ብትሰማ የሚጠቅምና የማይጠቅም ይለይልህ ነበር።

ባለፈው ሐሙስ ሁለት መቶ አሥራ ሁለቱንም ጽፌ ጨረስኩ። እንደ ልማዴ "ላንብብልህ" ብዬ ማሽኗን ስነካ አባባ እጄን ያዘኝ።

"ያ ቢቲ፣ ልጄ፣ መጻፉን ጨረስሽው?"

"ምን መጻፍ?"

"ድሮ ይቺ መኪናሽ ስትነሣ ትዘምር ነበር። ከመጋቢት ወዲህ ዘምራ አታውቅም፤ ጠዋት ጠዋት ደግሞ የጣትሽን ኳኳታ እሰማለሁ። የታወረው ዓይኔ ነው፣ ጆሮዬ መቼ ታወረ?"

"ታዲያ ሰባት ወር ሙሉ ስዋሽህ ዝም አልክ?"

"መዐሌሽ፣ ይቅር በይኝ። የእኔ ጭንቅላት እየከዳኝ ነው። ያንቺ ይዞት እንደሆነ እያዳመጥኩ ነበር። አልሐምዱሊላህ፣ ይዞታል።"

ሰባት ወር ሰውነቴ ሲያልቅ እያዳመጠ! ተናደድኩበት፣ ደግሞም ደስ አለኝ። እንግዲያስ አሥራ ዘጠኙን ንገረኝና እሱንም ልጻፍ አልኩት። ራሱን ነቀነቀ።

"አንድ ጊዜ ተናግሬዋለሁ። ደግሜ የምናገርበት አቅም የለኝም። አኑዋር ጋ አለ።"

"አኑዋር ጋ ምንም የለም፣ አባባ። ጠፍቷል።"

"መኪናዋን አላልኩም። ያኔ እያለቀሰ ነው የጻፈው። ሰው ያለቀሰበትን አይረሳም።" ደግሞም፣ "መጥፋቱን ማወቄን ግን እንዳትነግሪው። ልጁ ይከፋዋል" አለኝ።

ማልቀስህን አላውቅም ነበር። ያንን የተዘጋ በር አሥራ ሁለት ዓመት ስቀናበት ኖሬአለሁ፤ ለእኔ ያልተገባኝን ክብር ለአንተ የሰጡህ ይመስለኝ ነበር። ልራራልህ ምንም አልቀረኝም። ከዚያ "ምንም የሚጠቅም ነገር አልነበረበትም" ያልከው ትዝ አለኝና ተውኩት። ወይስ ሲጠፋ ቀሎህ ነበር፣ አኑዋር? እንደዚያ ከሆነ አምስት ሲዲ ከምትልክ ይህንኑ ብትነግረኝ ይሻል ነበር።

ከአሥራ ዘጠኙ የአንዷን ስም ብቻ አውቃለሁ። እማማ ልትሞት ስትል ነግራኛለች። ታላቅ እህታችን ናት፤ አራት ዓመቷ ነበር፤ በጋላባትና በዶካ መካከል አንድ የደረቀ ወንዝ፣ ኮር ዳር ቀበሯት። ጠይባ ትባላለች። እኔ በዓመቱ ስወለድ ስሟን ለእኔ ሰጡኝ። ስሟን ተሸክሜ ይኸው ሃያ ስምንት ዓመቴ ነው፤ የት እንደተኛች አላውቅም። በዚህ ምድር ላይ የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ሊናገር አይችልም፣ አንዱ ሲዲ ይልካል።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ፍላሽ አለ። ከመክፈትህ በፊት መጠኑን እይ፤ ከአንድ ኪሎባይት ይበልጣል። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ከአንድ እስከ አሥራ ዘጠኝ ቁጥር ብቻ ጽፌ ትቼዋለሁ። ዐረፋ ማክሰኞ ነው፤ ሰኞ አውቶቡስ አለ። በስልክ ብትነግረኝ አልጽፍም። መጥተህ እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጠህ በጣትህ ትጽፈዋለህ። በሩን ከፈለግህ ዝጋው፤ እኔ ግን በዚህ ጊዜ ውስጥ ነኝ።

አባባ እንዳልነግርህ ለምኖኝ እሺ ብዬው ነበር። ዋሸሁት፤ ለምጄዋለሁ። ይክፋህ። ተከፍተህ ና።

የረሳኸውን አላህ ያስታውስህ፣ መንገዱንም ያቅልልህ። ሰላምታዬ ይኸው ነው።

እህትህ
ሁለተኛዋ ጠይባ